ሰው የሌለበት መንገድ

"እዚያው ይቁሙልኝ! አንድ ደቂቃ ብቻ!" አለ ሊሊሳ፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ።

ከመታጠፊያው ብቅ ያሉት ሴት ቀጥ ብለው ቆሙ። ስድሳ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። የተሸከሙት ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል አጉብጧቸው አንገታቸውን እንኳ እንደ ልብ ማቅናት አልቻሉም። ሊሊሳ ካሜራው ወደማያያቸው ጥግ እንዲጠጉ በእጁ አመለከታቸው፤ እሳቸውም ታዘዙ።

ሊሊሳ ኑሮውን የሚገፋው ሰርግ በማንሳት ነው። ሄለን የምትባል የማስታወቂያ ባለሙያ ለአንድ አዲስ ሆቴል ግድግዳ የሚሆን የእንጦጦ ጫካ ፎቶ አዛዋለች፤ በፀሐይ ብርሃን ብቻ የተነሳ፣ ሰው የሌለበት መንገድ። ሁለት ጊዜ ወስዶላት ሁለቴም መልሳበታለች። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ከየካ አባዶ በመጀመሪያው ታክሲ ወጥቶ ከኮተቤ በላይ ያለውን ዳገት በእግሩ የወጣው ለዚህ ነው። ከተሳካለት ስሙ ከፎቶው ሥር ይጻፋል። ከሰርግ ድንኳን የሚያወጣኝ ይሄ ነው ብሎ አምኗል።

ያቺ አንድ ደቂቃ ሳታልቅ ፀሐይዋ ደመና ውስጥ ገባች። አምስት ደቂቃ ጠበቀ፣ ከዚያ ሌላ አሥራ አምስት። ሴትዮዋን ረስቷቸው ነበር ማለት ይቀል ነበር፤ ግን አልረሳቸውም። ሁለት ጊዜ በጎን አይቷቸዋል። ሁለቴም "አሁን ትወጣለች" እያለ ራሱን ሸነገለ።

በመጨረሻ ፀሐይዋ ወጣች። ብርሃኑ በዛፎቹ መሃል ሾልኮ ቀዩ አፈር ላይ ተጋደመ። ሊሊሳ ትንፋሹን ይዞ ደጋግሞ አነሳ። እንዲህ ያለ ብርሃን ገጥሞት አያውቅም፤ ደስታው ለብቻው አሳቀው።

"ጨረሱ ጌታዬ?" የሚል ድምፅ ከጥጉ መጣ።

ዞር አለ። ሴትዮዋ እንደ ቆሙ ናቸው። እግራቸው ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ ከአገጫቸው ይንጠባጠባል።

"ውይ! ምነው ሸክሙን አላወረዱትም?"

"ማን ያሸክመኛል?"

ሊሊሳ ዓይኑን ወደ ሸክሙ መለሰ። ይህ ለእሱ የሚነገር ነገር አልነበረም። እናቱ ከዚሁ ዳገት እንጨት እያወረደች ነው ያሳደገችው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ አስፋልቱ ዳር ጠብቆ ሸክሟን የሚያወርድላት እሱ ነበር። አንዴ መሬት የነካ ሸክም ያለ ሰው እንደማይነሳ ከማንም በላይ ያውቃል።

"ስሜን ጽፈውታል እንዴ?" አሉ ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"የምን ስም?"

"ከደን ጥበቃ አይደል የመጡት? እኔ እኮ እርጥብ አልቆረጥኩም። የወደቀ ጭራሮ ነው፤ ከፈለጉ ይፍቱትና ይዩት።"

"ኧረ እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ። መንገዱን ነው የማነሳው።"

"መንገዱን ብቻ?"

"መንገዱን ብቻ።"

ካሜራውን አዩ። ፍርሃቱ ከፊታቸው ለቀቀና ድካሙ ብቻ ቀረ።

"አይ ልጄ፣ ታዲያ ምን አለ ብታሳልፈኝ? ሃያ እስክትቆጥር አልፌልህ ነበር።"

ፊቱ ጋለ። ይቅርታ ለማለት ቃል ሲፈልግ እሳቸው ቁልቁለቱን ጀምረውታል። ምርጡን ፎቶ ወደ ስልኩ አሳልፎ ለሄለን ላከላት። ወዲያው ደወለች።

"ሊሊሳ፣ ዋው! ፐርፌክት ነው! ግን ታች በቀኝ በኩል ያለው ጥቁር ነገር ምንድነው? ቁጥቋጦ ነው?"

የካሜራውን ምስል አጉልቶ አየው። ጥላ ነው፤ ሰፊ ሸክም፣ ከሥሩ ሁለት ቀጫጭን እግሮች።

"አዎ፣ ቁጥቋጦ ነው።"

"በቃ እሱን አጥፋውና እስከ ስድስት ሰዓት ላክልኝ።"

ስልኩ ሲዘጋ ሊሊሳ አፈረ። ሴትዮዋን ሲያቆማቸው ብርሃን እየጠበቅኩ ነው ብሎ ለራሱ ምክንያት ሰጥቶ ነበር። አሁን ግን ምን ሊል ነው? ማንም ሳያስገድደው ነው የዋሸው። የገዛ እናቱን ቁጥቋጦ ያላት ያህል ተሰማው።

ዕቃውን ሰብስቦ ቁልቁል ሮጠ።

አስፋልቱ ዳር ደረሰባቸው። የሚጠብቃቸው ሰው የለም፤ ሸክሙን የሚያሳርፉበት ከፍ ያለ ድንጋይ እየፈለጉ ነበር።

"ቆይ እማማ፣ እኔ ላውርደው!"

ከኋላ ደግፎ ቀስ አድርጎ አወረደላቸው። እጁ ሥራውን አልረሳም።

"እግዜር ይስጥልኝ። ደግሞ ምን ፈልገህ መጣህ?"

"ስምዎን ልጠይቅ ነው።"

ፍርሃቱ ተመልሶ መጣ። "ልትጽፈው?"

ካሜራውን አቀበላቸውና ጥላውን አሳያቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት።

"ይሄ እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት። አጥፋው ተብዬ ነበር።"

ጥላውን በጣታቸው ነኩት። "የሺመቤት በል። የሺመቤት ሰቦቃ።"

ሊሊሳ ቆሞ ለሄለን ጻፈላት፦ "ቁጥቋጦ አይደለም፣ ዋሽቼሻለሁ። ጥላው የወይዘሮ የሺመቤት ሰቦቃ ነው። ሃያ ደቂቃ ከነሸክማቸው አቁሜያቸው ነው ያነሳሁት። አላጠፋውም።"

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ መጮህ ጀመረ። ኪሱ ከተተው።

"ከዚህ ወዴት ነው የሚሄዱት?"

"ወደ ገበያው።"

ኮተቤ ተወልዶ ያደገበት ሰፈር ነው፤ እስከ ገበያው ድረስ የማያውቀው ሰው የለም። ሊሊሳ ጀርባውን አዙሮ ሸክሙ ፊት ተንበረከከ።

"ካሜራዬን አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሉልኝና" አለ፣ "ያሸክሙኝ።"