ጥሎ የጠፋ

ስፌት ፋብሪካው ውስጥ ኮሌታ ነው የሚሏት። ስድስት ዓመት ሙሉ የሸሚዝ ኮሌታ ብቻ ስትሰፋ ኖራ ቅጽል ስሙ እናት አባቷ ያወጡላትን ስም ዋጠው። ባሏ በያጅ ነው፤ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ገበያው ቀዝቅዞ ሰው ቤት መሥራት ሲያቆም መጀመሪያ የተዘጋው የእሱ ወርክሾፕ ሆነ። ሁለት ወር ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ሲቆጥር ከረመ። በሦስተኛው ወር አንድ ጓደኛው፣ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ድልድይ በሚሠራበት ቦታ ብየዳ የሚችል የቀን ሠራተኛ እንደሚፈለግ ነገረው። ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሄደ።

የሦስት ዓመት ልጃቸው የምትውለው መንግሥት ለሠራተኛ ቤተሰቦች በከፈተው የሕፃናት ማቆያ ነው። ኑሮ እየከበደ ሲሄድ አዲስ መመሪያ ወጣ። ቦታ ስለጠበበ፣ ከወላጆቹ አንዱ ሥራ አጥቶ ቤት ከዋለ ልጁን እሱ ይጠብቅ፤ ማቆያው ሁለቱም ሥራ ላይ ላሉ፣ ወይም ብቻቸውን ለሚያሳድጉ ይሁን የሚል ነው። ኮሌታ ማስታወቂያውን በሩ ላይ ቆማ አንብባ «እውነታቸውን ነው» ብላ አለፈች። በሳምንቱ የልጇ ስም ከተሰረዙት መሃል ተገኘ። ባሏ መዝገቡ ላይ ገና ሥራ አጥ፣ ቤት የሚውል ነበር።

ከፈረቃዋ አስፈቅዳ ወደ ቤተሰብ ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ሮጠች። ተራ ደርሷት የገባችው እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ነው።

«ባለቤቴ እኮ ቤት የለም። ለሥራ ሄዷል» አለች።

«የቅጥር ደብዳቤ ይላክ» አለች የቢሮው ሠራተኛ። ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ቀልቷል።

«የቀን ሠራተኛ ነው፤ ማን ደብዳቤ ይሰጠዋል?»

ሠራተኛዋ አንድ ቅጽ አውጥታ ወደ እሷ አዞረችላት። «አየሽ እህቴ፣ ብቻዬን ነው የማሳድገው ካልሽ ሦስት ሣጥን ነው ያለኝ። የሞተ፣ የተፋታ፣ ጥሎ የጠፋ።»

«ለሥራ የሄደ የሚል የለም?»

«ቅጹን ያዘጋጁት ሰዎች አልታያቸውም መሰለኝ።» ዙሪያዋን ቃኘት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔ አንቺን ብሆን ሦስተኛው ላይ ነው ምልክት የማደርገው። ሁለት ጎረቤት አስፈርሚና እስከ ዓርብ አምጪ። ግን ቤት ድረስ እየመጡ ያጣራሉ። ሰውየው ከተገኘ ቦታውም ይሄዳል፣ አንቺም ትጠየቂያለሽ።»

ባሏ የሚደውለው እሑድ እሑድ፣ ስልክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ነው። ዓርብ ደግሞ ከእሑድ ይቀድማል። ፋብሪካው ትዕዛዝ ቀንሶበት ሰው ለማሰናበት ሰበብ ይፈልጋል፤ ሦስት ቀን የቀረች ወጣች ማለት ነው። ኮሌታ አውቶቡስ ውስጥ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ የምታማክረው ሰው ሳይኖር፣ ሦስተኛው ሣጥን ላይ ምልክት አደረገች።

ጎረቤት ፍለጋ ስትወጣ ነው የማንንም ስም እንደማታውቅ የገባት። ምድር ቤት ያለችው ባለሱቅ ወረቀቱን አንብባ ሳትጨርስ ፈረመች። «ድሮም ዓይኑ አላማረኝም! ሲሚንቶ የመሰለ ሰው፤ ሰላምታ እንኳ የሚሰጠው በግድ ነበር» አለች። ኮሌታ ምላሷን ነከሰች። ሰላምታ ላይ ቁጥብ የሆነው ጆሮው በብየዳና በመዶሻ ጩኸት ስለደከመ ነው፤ ግን ጥሎ ለጠፋ ሰው ጥብቅና አይቆምም።

ላይኛው ፎቅ ያሉት ጡረተኛ መምህር ግን መነጽራቸውን አጥልቀው ሁለቴ አነበቡት።

«ልጄ፣ ይሄ ሰው ጥሎሽ አልሄደም። ሻንጣውን ደረጃው ላይ ያገዝኩት እኔ ነኝ። ስለ አንቺ ሲያወራ ነበር የወረደው።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልፈርም?»

የኮሌታ ዓይን እንባ አቀረረ። ሰውየው እስክሪብቶ አነሱና ከሥር በራሳቸው እጅ «በአሁኑ ሰዓት እዚህ ቤት እንደማይኖር አውቃለሁ» ብለው ጽፈው ፈረሙ። ቢሮው ተቀበለው። ልጅቷ ከሰኞ ጀምራ ማቆያዋ እንድትገባ ተፈቀደ።

እሑድ ባሏ ሲደውል ነገረችው።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

ደገመችለት።

«ይሁን፤ ዋናው ልጅቷ ናት» አለ፤ አነጋገሩ ለአለቃ መልስ እንደሚሰጥ ሰው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ወሬው ከሱቅ ወጥቶ ፋብሪካ ገባ። ስትመጣ ሳቅ ይቋረጣል። አንዷ «አይዞሽ፣ የባሰ አለ» ትላታለች፤ ሌላዋ ምሳዋን ታካፍላታለች። ሁሉም ባልደረሰባት ነገር ያጽናናታል፤ የደረሰባትን የሚያውቅላት የለም። «ኧረ ለሥራ ነው የሄደው» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ይመለሳል።

በአራተኛው ወር ባሏ ሁለት ቀን ፈቃድ አግኝቶ መጣ። ቤቱ ግን አልገባም። መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ያዘና እሑድ ጠዋት መናፈሻ ውስጥ ተገናኙ። ከስቷል፤ እጁ በአዲስ ቃጠሎ ተዥጎርጉሯል። አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ልጅቷን መሃል አስቀምጠው፣ ለትዳር እንደሚተያዩ ሰዎች ተቀመጡ።

«አባዬ፣ ቤት እንሂድ» አለች ልጅቷ ጣቱን እየጎተተች።

«ሥራ አለኝ የኔ እመቤት።»

ሊለያዩ ሲሉ ኮሌታ በርከክ ብላ የልጇን ኮት ቆለፈችላት። «አባዬን እንዳየሽው ለማንም እንዳትነግሪ፤ እሺ? ለአስተማሪሽም፣ ለባለሱቋም።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። «አባዬ ጥፋት አጠፋ?»

እሱ ፊቱን አዞረ። ቆይቶ «ከዚህስ ባልመጣ ይሻል ነበር» አለ፤ በቁጣ አይደለም፣ ቀስ ብሎ። መናኸሪያው ውስጥ አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት እጁን አወጣ፤ እሷ የሚያውቃት ሰው ካለ ብላ ዙሪያዋን አይታ ነው መልሳ ያውለበለበችው።

ከዚያ ሁለት እሑድ አልደወለም። በሦስተኛው ደውሎ ሥራው እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንደተራዘመለት፣ እስከዚያም እንደማይመጣ ነገራት። ጥሩ ነው አለችው። ሌላ የሚባል ነገር ሲፈልጉ መስመሩ ተቋረጠ።

አጣሪዎቹ አንድ ረቡዕ መጥተው ቁም ሣጥኑን ከፍተው አዩ። የወንድ ልብስ አልነበረም፤ ቦታው ለስድስት ወር ታደሰላት።

በማግስቱ ጠዋት ማቆያው በር ላይ አንዲት አዲስ እናት፣ ልጇ ቀሚሷን ይዞ እያለቀሰ፣ ወደ ኮሌታ ጠጋ አለች። «አንቺም ብቻሽን ነሽ?»

«አዎ» አለች ኮሌታ፣ እንደለመደችው።

ያን ስትል ሁሌ የሚሰቀጥጣት ነገር ዛሬ እንዳልሰቀጠጣት የገባት አውቶቡስ ላይ ወጥታ መቀመጫ ካገኘች በኋላ ነው። ፋብሪካው ጋ ስትደርስ ወራጅ ማለት ረስታ አንድ ፌርማታ አለፈች።