መሪጌታ የደበቁት

«አባባ፣ ቀኝ እጅዎ ድንገት ዝሎ ያውቃል? አንደበትዎስ ተሳስሮ?» አለች ዶክተር ዮርዳኖስ።

«ኧረ በጭራሽ!» አሉ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ። ውሸት የማይሆንላቸው ሰው ዛሬ ዳዊት እንደሚደግም ሳይደናቀፉ ዋሹ።

ሚስታቸው ንግሥቴ ደነገጠች። ከሦስት ሳምንት በፊት ቡሬ፣ በማኅሌቱ መሐል፣ ጸናጽሉ ከቀኝ እጃቸው አምልጦ ምንጣፉ ላይ ሲወድቅ ከሴቶች መቆሚያ አይታለች። ካህናቱ ጾሙ አድክሟቸው ነው ብለው አለፉት። መሪጌታም ቤት ሲገቡ «ለሰው ትንፍሽ እንዳትዪ» ብለዋታል። ይኸው ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ድረስ መጥተውም ያንኑ ይደብቃሉ።

ዶክተሯ ባለፈው ለደም ግፊት ሲታዩ ያዘዘችውን፣ ከባሕር ዳር የመጣውን የአንገት ምስል ወደ መስኮቱ አነሣች።

«ወደ አንጎል ደም የሚወስደው የግራ አንገትዎ ቧንቧ በጣም ጠቧል። አፈጣጠርዎ ደግሞ ለየት ያለ ነው። የሌላ ሰው ቧንቧ ለሁለት የሚከፈለው እዚህ ጋ ነው» ብላ ጣቷን ጉሮሮዋ አጠገብ አኖረች። «የእርስዎ ግን ሽቅብ ወጥቶ መንጋጋ ሥር ነው። ጠማማ ስለሆነ ከውስጥ ገብቶ ማስፋት አይቻልም፤ አንገት ከፍቶ ማጽዳት ነው ያለው። እዚያ ደግሞ የድምፅና የምላስ ነርቮች አሉ።»

«ቢነኩስ?» አሉ መሪጌታ።

«ድምፅዎ ሊጎረንን፣ ሊጠፋም ይችላል። ምልክት ካላሳየ አንደፍረውም፤ በክኒን እንከታተልዎታለን። እጅዎ ዝሎ ከነበረ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ሽባ አድርጎ አልጋ ላይ ሊጥልዎት ይችላል። ዛሬውኑ ለቀዶ ጥገና እልክዎት ነበር።»

«እንግዲያው ክኒኑ ይበቃናል» አሉ መሪጌታ ፊታቸው ፈክቶ።

አርባ ዓመት ድጓ ያስተማሩበት ድምፅ ነው። ከሽንዲ፣ ከፈረስ ቤት ድረስ ተማሪ የሚመጣው እሱን ብሎ ነው። ንግሥቴም ብትሆን ልቧ መጀመሪያ የሸፈተው ለዚያ ድምፅ ነበር። ብትናገር ዕድሜ ልካቸውን ሊቀየሟት ይችላሉ። ዝም ብትልስ?

ዶክተሯ መድኃኒቱን መጻፍ ጀመረች። መሪጌታ ተነሡ።

«ተነሽ እንጂ፣ መኪና ያመልጠናል።»

ንግሥቴ ከወንበሯ አልተነቃነቀችም።

«ልጄ፣ እጃቸው ዝሏል» አለች።

«አንቺ ሴትዮ!»

«ይቆጡኝ የኔታ፣ ግድ የለም።» ወደ ዶክተሯ ዞረች። «እጃቸው ብቻ አይደለም። ዛሬ ጧት ሊጠሩኝ አፋቸውን ከፍተው ስሜን ማውጣት አቃታቸው። ያላየሁ መስሏቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ።»

የዶክተሯ እስክሪብቶ ቆመ።

«አይተሽ ኖሯል?» አሉ መሪጌታ፤ ቀስ ብለውም ተመልሰው ተቀመጡ።