የሐሙስ ቆጠራ

ሽማግሌው ኦፓኒን ኛርኮ የተቀበሩ ቀን መንደሩ በቀይና በጥቁር ጨርቅ ተሞላ። ሰርዋም ቀይዋን አገልድማ፣ ከአማካሪዋ ከፕሮፌሰር ዶንኮር አጠገብ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሟቹ አራት ዓመት ሙሉ ጫካ ውስጥ ሚዳቋ ሲቆጥሩላት የኖሩ የቀድሞ አዳኝ ናቸው። እሷ ደግሞ የባዮሎጂ ዶክትሬት ጽሑፏን ጨርሳ፣ ፈታኞቿ ፊት ልትቀርብ ሁለት ሳምንት የቀራት ተማሪ ናት። ለቅሶዋ የእውነት ነበር። ያለ እሳቸው አንድ ምዕራፍ እንኳን እንደማይኖራት ታውቃለች።

ጽሑፉ ባጭሩ ይህን ይላል። በዚያ አገር ሐሙስ ምድር የምታርፍበት ቀን ነው፤ ጫካ አይገባም፣ መሬት አይቆፈርም፣ ጠመንጃ አይተኮስም። ሰርዋ የጠየቀችው እንስሳቱስ ይህን ቀን ያውቁታል ወይ ብላ ነው። የተገኘውም መልስ ጆሮ የሚያቆም ሆነ፤ ሐሙስ ሐሙስ ሚዳቋው ከሌላው ቀን ሁሉ ይበዛል። ፕሮፌሰሩ በየስብሰባው ይህንን ሲያወሩ ደረታቸው ይነፋ ነበር።

ካሜራ እንዳትጠቀም፣ የተከለቻቸው ካሜራዎች ገና በመጀመሪያው ወር ተሰርቀዋል። ስለዚህ ቆጠራው በዓይን ነው። በሌላው ቀን ከሽማግሌው ጋር አብረው ይገባሉ። ሐሙስ ግን እሷ ዩኒቨርሲቲ ስለምታስተምር የእሳቸው ብቻ ነው፤ ማታ ይደውሉና ያዩትን ይነግሯታል፣ እሷም ትመዘግባለች።

ከጸሎቱ በኋላ የቤተሰቡ ተናጋሪ ማይክራፎኑን ይዞ ሟቹን ማወደስ ጀመረ። አዳኝነታቸውን፣ ጨዋታቸውን፣ ፉፉ የሚባለው ምግብ ሲቀርብ የሚያሳዩትን ጀግንነት ሳይቀር እያነሳ ለቀስተኛውን አሳቀው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ትልቁን ነገር አመጣው።

"ይህ ሰው ከተወለደ ጀምሮ ሐሙስ ቀን ጫካ ረግጦ አያውቅም። አንድም ሐሙስ። ምድር ራሷ ትመስክር።"

ሰዉ በአድናቆት አጉረመረመ። ሰርዋ ግን በየሐሙሱ ማታ በስልክ የመዘገበቻቸውን ቁጥሮች አሰበች። ፕሮፌሰሩ ዞር ብለው አዩዋትና ወዲያው አቀረቀሩ።

መቼም ለቅሶ ላይ የማይወደስ የለም፤ ሰካራሙም ጨዋ፣ ስስታሙም ቸር ተብሎ ነው የሚሸኘው። ሰርዋም ይህችን ተስፋ ይዛ ነው መበለቲቱ ማሜ ፎሱዋ ወደተቀመጡበት ክፍል የገባችው። አጠገባቸው ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች።

"ማሜ፣ ሐሙስ ሐሙስ ጫካ አይገቡም ነበር?"

"ሐሙስማ እዚሁ ነው። ማንጎው ሥር ሲያንኮራፋ ይውልና ማታ ላንቺ ይደውላል።"

"ታዲያ ቁጥሩን ከየት ያመጡታል?"

"ከየት ያመጣዋል? ሐሙስ እንስሳ እንደሚበዛ የማያውቅ አለ እንዴ? ረቡዕ ባያችሁት ላይ ሞቅ አድርጎ ይጨምርበታላ!" አሉ፤ በለቅሶ መሃል ፈገግ እንደማለት ብለው። "እንቢ ካልኳት ሌላ ሰው ቀጥራ በሐሙስ ምድርን ታስረግጣለች፣ ደግሞም ልጅቷ ታሳዝነኛለች ይል ነበር። ይወድሽ ነበር እኮ።"

ሰርዋ ልትናደድ ፈለገች፣ ግን በማን ላይ ትናደድ? አራት ዓመቷን ውሃ በላው። ውሃ ያደረጉት ሰው ደግሞ ስለወደዷት ነው ያደረጉት።

በመኪና ሲመለሱ የሰማችውን ለፕሮፌሰሩ ነገረቻቸው። እሳቸውም ነገሩን እንድትተወው መከሯት። ፈታኞች ለቅሶ ቤት አይመጡም፣ ሟች አይጠየቅም፣ የነፃ ትምህርቷም ጊዜ አልቋል አሏት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ አዝነውላት ነው። እሷ ግን ውሸት መሆኑን እያወቀች ፈታኞቹ ፊት መቆም እንደማትችል ተናገረች።

"ለመሆኑ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሐሙስ እንኳን አብረሻቸው አልገባሽም?"

የማስተማሪያ ቀኗ ሐሙስ እንዲሆንላት ለምና ያስደረገችው ራሷ ናት። ገና ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እናቷ፣ የፈለግሽውን ተማሪ፣ ሐሙስ ግን ጫካ እንዳትረግጪ ብለው አስምለዋታል።

"እኔ ሐሙስ አልገባም፣ ፕሮፌሰር።"

"እና እሳቸው የሚገቡ መሰለሽ?"

ራሷ የፈራችውን ነገር ሽማግሌ ላይ ጭና፣ እሳቸው አይፈሩም ብላ በሰላም ስትተኛ ኖራለች። ከሥራዋ መበላሸት ይልቅ ያንገበገባት ይህ ነው። መኪናው ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች።

በማግስቱ ለፈታኞቹ እውነቱን ጽፋ ላከች፤ ፈተናውም ላልታወቀ ጊዜ ተላለፈ። ፕሮፌሰሩ አልተቆጧትም፤ ግን በስብሰባ ላይ ስሟን ማንሳት አቆሙ። በቀጣዩ ሐሙስ ገና ጎህ ሳይቀድ እሷ መንደሩ ደርሳለች። ማሜ ፎሱዋ ጥቁራቸውን ለብሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጫማዋን አዩና ገባቸው።

"ልትገቢ ነው?"

"አዎ ማሜ። ሌላ ሰው አልልክም።"

"እኔ አልከለክልሽም፤ ከምድር ጋር ያለሽን አንቺ ታውቂያለሽ። ግን እባክሽ፣ ተመልሰሽ መጥተሽ ባልሽ ውሸታም ነበር እንዳትዪኝ።"

ሰርዋ ገባች። በየእርምጃዋ ምድርን ይቅርታ እየለመነች፣ ከሽማግሌው ጋር የተመላለሱበትን መንገድ እስከ መጨረሻው ሄደችበት። ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር የእናቷ ድምፅ ይመጣባታል። ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ያየችው አንዲት ሚዳቋ ብቻ ነው፣ እሷንም ስትሸሽ። የአንድ ቀን ቆጠራ ምንም እንደማያረጋግጥ ታውቃለች፤ ገና ስንት ሐሙስ መግባት እንዳለባትም ታውቃለች። ቢሆንም ልቧ ተሰበረ።

ስትወጣ ማሜ ፎሱዋ ካሉበት አልተነሱም። ቀዝቃዛ ውሃ ሰጧት። ዓይናቸው ከፊቷ አልተነቀለም።

"ብዙ ናቸው ማሜ" አለች ሰርዋ። "ልክ እሳቸው እንዳሉት ነው።"

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ተነፈሱ። ሰርዋ ውሃውን ጨርሳ፣ እጃቸውን ስማ ወጣች። መንገዱ ጋ ስትደርስ ወረቀቷን አውጥታ "አንድ" ብላ ጻፈች።