ሄሊኮፕተሯ እና «በሞቴ»

ጋሼ አስቻለው ሄሊኮፕተሯን እንዴት እንደሚወዳት ልንገራችሁ። ስልኩን ሲከፍት መጀመሪያ የምትታየው ሚስቱ አይደለችም፤ ሄሊኮፕተሯ ናት።

«የብረት ደመና» የሚለውን ፊልሙን እኛ አገር፣ ጓሳ ተራራ ላይ ሲቀርጽ ተከራይቶ ያመጣት ናት። ያን ቀን እኔም ነበርኩ፣ ያልነበረ ሰው የለም። ስትወርድ ነፋሷ የስንቱን ጋቢ ይዞ እንደሄደ! የአቶ ሸዋንዳኝ ፈረስማ በርግጎ ጠፍቶ በማግስቱ ራቤል ከተማ ድረስ ሄዶ ነው የተገኘው። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ገደላቸው ውስጥ እንደገቡ ቀሩ። አቶ ሸዋንዳኝ እስከዛሬ ጋሼ አስቻለውን ሲያገኙት «ደግሞ ዛሬ ምን ልታመጣብን ነው?» ነው የሚሉት፣ ሰላምታ የለም።

እኔ ሰብሊ ነኝ። ሙሉው ሰብለወንጌል ነው፣ ግን እንደዚያ የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ናት፣ እሱም ጥፋት ሳጠፋ። እዚሁ ጓሳ አጠገብ፣ ዘመሮ ነው የምንኖረው። አስራ ሁለተኛን ገና አሁን ጨርሼ ቁጭ ብያለሁ። ጋሼ አስቻለው ደግሞ የጎረቤታችን የእትዬ ጥሩሸዋ ልጅ ነው። እዚሁ ተወልዶ አዲስ አበባ ገብቶ ፊልም ሰሪ የሆነ።

ፊልሙ ስለምንድነው መሰላችሁ? አንድ የእኛ አገር ጎረምሳ አለ። ክፉ ሰዎች ወርቅ ፍለጋ መጥተው መንደሩን ያቃጥላሉ። እናቱ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አጉርሳ ትሸኘዋለች፣ ከዚያ በቃ ድብድብ፣ ፍንዳታ፣ ሄሊኮፕተር፣ ድብድብ። አለቀ። አዲስ አበባ ሲታይ የሲኒማ ቤቱ ሰልፍ አስፋልቱን ዘግቶ ነበር አሉ። እንደሱ ብር የፈሰሰበት ፊልም እኛ አገር አልተሠራም እያለ ነው የሚያወራው ጋሼ።

ውጭ አገር ሲልከው ግን... ምንም። የላከለት ሁሉ «ስለላኩልን እናመሰግናለን» ይልና ዝም። አንዱ ብቻ ጥያቄ ጠይቆት ነበር። «ልጇን የመረዘችው እናት መጨረሻ ላይ ለምን አልታሰረችም?» ይላል። ጋሼ አንብቦልን ሳቀ። «አያችሁ? ፊልሜን እንኳን አላዩትም፣ ከሌላ ሰው ፊልም ጋር አምታተውት ነው» አለ። ግን ከሳቁ በኋላ ፊቱ ልክ አልነበረም።

የሚስቱ ወንድም ጎማ መሸጫ አለው። «ና አብረን እንሥራ» ካለው ቆይቷል። ለፋሲካ የመጣ ጊዜ ጋሼ ለእናቱ ሲነግራቸው ሰማሁት፣ አጥር ለአጥር ነን እኮ። «እማዬ፣ አንድ የውጭ ሰው እንኳን ካልተቀበለኝ በቃኝ። ካሜራውን አስቀምጬ ጎማዬን እሸጣለሁ።»

አንቺን ምን አገባሽ እንዳትሉኝ። ፊልሙ ውጭ ከሄደ በሚቀጥለው ላይ ረዳት አደርግሻለሁ ብሎኛል! አሁን ጎማ ሊሸጥ ከሄደ የእኔ ነገር ምን ሊሆን ነው?

ታዲያ እግዜር ሲለው ማርጎ የምትባል ፈረንጅ ጭላዳ ልታይ ጓሳ መጣች። አንድ የአውሮፓ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ፊልም የምትመርጠው እሷ ናት። ጋሼ እንዴት እንደሰማ አላውቅም፣ ብቻ በሌሊት ተነስቶ ከአዲስ አበባ ከተፍ አለ፤ ለመናት፤ እሺ አለችው። በማግስቱ ከሰዓት በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ልናሳያት ሆነ። መስኮቶቹን በየቤቱ ባለ ባና ሸፈንናቸው፣ የበግ ጸጉር ስለሆነ አንዲት ጨረር አያሳልፍም፣ ሽታው ግን ለብቻው ሌላ ፊልም ነው። የእንግሊዝኛ መምህራችን ቲቸር መርስዔ ኃዘን ሊያስተረጉሙ ነበር። ደብረ ብርሃን ስብሰባ ሄዱ። ስለዚህ ማን? እኔ!

«አደራ ሰብሊ» አለኝ ጋሼ። «ፊልሙ ራሱ ታች እንግሊዝኛ ተጽፎበታል። አንቺ ዝም ብለሽ አጠገቧ ቁጭ በይ። አትለፍልፊ።»

«እኔ መቼ ለፍልፌ አውቃለሁ?»

ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሄደ።

አዳራሹ ጢም አለ። ማርጎ ብርዱን አልቻለችውም፣ አንዱ በርኖሱን ደረበላት። ፊልሙ ተጀመረ። የመንደሩ ቃጠሎ ሲመጣ ሰው ሁሉ መንጫጫት ጀመረ። ጓሳ ላይ እሳት አይነድም፣ ሳሩ የሁላችን ነው፣ ጥበቃዎቹ «ክብሪት እንዳትጭሩ» ብለው ስለከለከሉት እሳቱን አዲስ አበባ በኮምፒውተር ነው የጨመረው። እና ሳሩ በነፋስ ወደዚህ ተኝቷል፣ ጭሱ ወደዚያ ይሄዳል።

«ነፋሱ ወዲህ፣ ጭሱ ወዲያ!» አሉ አቶ ሸዋንዳኝ ከኋላ። «አስቻለው፣ እሳትህ ጠፍቶበታል መንገዱ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ በእጁ ፊቱን ሸፈነ።

ቀጥሎ እናትየዋ ልጇን የምታጎርስበት መጣ። እናቲቱ ማን መሰለቻችሁ? ራሳቸው እትዬ ጥሩሸዋ! ከአዲስ አበባ የመጣችው ተዋናይ ጓሳ ላይ አንድ ቀን አድራ ብርዱ ሲገርፋት «እኔ እዚህ አልሞትም» ብላ ተመለሰች። ጋሼ ቸግሮት እናቱን አስገባ። እሳቸውም ምን ይሠራሉ፣ ሁልጊዜ ቤታቸው የሚያደርጉትን አደረጉ፤ ጭኮውን ጠቅልለው «አባቴ፣ በሞቴ ጉረስ! አፈር ስሆን!» አሉት ልጁን። ያቺ ቦታ ትንሽ ናት፣ ቶሎ እልፍ ትላለች።

ማርጎ ግን ክንዴን ጨመደደችኝ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ጥፍሯ ገባ። እኔ ፊልሙ ላይ ከቆመው ሕዝብ መሃል ራሴን ስፈልግ ስለነበር ምን እንደሆነች አልገባኝም። ብርዱ ነው ብዬ በርኖሱን ጎተት አደረግኩላት።

ከዚያ የሄሊኮፕተሯ ነገር መጣ። ጋሼ ዞሮ ዞሮ የማርጎን ፊት ያያል። ማርጎ ደግሞ... ታዛጋለች። ሄሊኮፕተሯ ትዞራለች፣ እሷ ታዛጋለች። ሄሊኮፕተሯ ትተኩሳለች፣ እሷ ሰዓቷን ታያለች። በመጨረሻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በእንግሊዝኛ፣

«መርዙ መቼ ነው የሚሠራው?» አለችኝ።

«የምን መርዝ?»

«እናቱ ያበላችው ነዋ!»

ወይኔ! ወዲያው ያ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ታች የተጻፈውን ማንበብ የጀመርኩት። ልክ በዚያው ሰዓት ጀግናው የእናቱን ቃል ሲያስታውስ ያቺ ቦታ ተመልሳ መጣች። ታች የተጻፈው በአማርኛ ሲመለስ ምን ይላል? «አባቴ፣ ሞቴን ብላ። አፈር በሆንኩ ጊዜ።» ማርያምን! አዲስ አበባ ያለ አንድ ልጅ ነው አሉ በኮምፒውተር ሲያስተረጉም ያደረው። ጋሼ ደግሞ ቃሉን በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል፣ የራሱን ፊልም ሲያይ ማን ታች ያነባል?

ልነግራት አፌን ስከፍት መብራት ሄደ።

«ኤጭ!» አለ አዳራሹ በአንድ አፍ። ሰዉ ባናውን ከመስኮት ገፈፈ፣ ብርሃን ገባ፣ ወሬ ተጀመረ። እትዬ ጥሩሸዋ እንግዳ ባዶ አፏን አትቀመጥም ብለው አገልግላቸውን ይዘው መጡ። ከፈቱት፤ ጭኮ! ቅቤው ጠብ ጠብ የሚል። ጠቀለሉና ወደ ማርጎ አፍ ዘረጉ።

«የኔ እናት፣ ብርድ ቆራርጦሻል። በሞቴ!»

ማርጎ ስትነጣ ብታዩ! ሴትየዋ ያው ፊልሙ ላይ ያሉት፣ ምግቡ ያው፣ ቃሉም ያው። «ቤሞቴ?» አለች እያየችኝ። እትዬ ጥሩሸዋ ደስ አላቸው።

«አወቀችው! አማርኛ ትችላለች! በሞቴ፣ አዎ፣ በሞቴ!» ብለው ጉርሻውን ጭራሽ አስጠጉት።

ተነስታ ልትሮጥ ስትል በርኖሱን ያዝኳት። «ቆይ፣ ቆይ! መርዝ አይደለም! የተጻፈው ተሳስቶ ነው። ‹እምቢ ካልሽኝ እኔ ልሙት› ማለታቸው ነው። ስለወደዱሽ ነው!»

«እምቢ ካልኩ ይሞታሉ?»

«አይሞቱም። ግን እምቢ ያለ ሰው እስካሁን አላየሁም።»

እጃቸውን አየች። ፊታቸውን አየች። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው፣ እትዬ ጥሩሸዋ እጃቸው አይደክምም። አፏን ከፈተች። አላመጠች፣ አላመጠች፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ጭኮውን በአፏ ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። እኔም ሳቅኩ። ሰዉ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ሳቀ።

ጋሼ አስቻለው ብቻ አልሳቀም። መብራቱ እንደማይመጣ ሲያውቅ ቀረበና «ጠይቂልኝ እስቲ። ሄሊኮፕተሯን እንዴት አየቻት?» አለኝ።

ጠየቅኩ። «ሄሊኮፕተር እኛ ጋ በጣም ብዙ አለ» አለች። «ከዚህ የተሻለ የሚፈነዳም አለ። እንደዚህች ሴትዮ ግን የለንም። ለምን በቶሎ አለፈች?»

ተረጎምኩለት። ጋሼ አንገቱን ደፋ። «ረጅም ነበረች» አለ። «እማዬ ልጁን እንዲጎርስ ልታሳምነው ብዙ ነው ያወራችው። ለሄሊኮፕተሯ ቦታ ሳጣ ቆረጥኳት።»

ማርጎ ሳትሸፋፍን ተናገረች። ፊልሙን እንዳለ አትወስደውም። የእናትየዋን ሙሉውን መልሶ፣ ሄሊኮፕተሯን አውጥቶ፣ ጽሑፉን አስተካክሎ ቢልክ ግን እንደገና ታየዋለች። ቃል ግን አልገባችም።

«ሄሊኮፕተሯን?!» ጋሼ እንደ እሳት ሆነ። «እሷማ አትወጣም! እሷ ከወጣች ምኑ ትልቅ ፊልም ይባላል? ለእኔስ ምን ቀረኝ? በቃ፣ ጎማዬን እሸጣለሁ! ንገሪያት!»

እኔ መንገሩን ተውኩት። ረዳትነቴ ዓይኔ እያየ ወደ ጎማ ቤት ሄደ።

እትዬ ጥሩሸዋ አገልግላቸውን ከደኑ። ቀስ ብለው ነው የከደኑት።

«አስቼ።»

«እማዬ ተይኝ።»

«አባቴ፣ ነይ አልሽኝና መጣሁ። ቁሚ አልሽኝ፣ ቆምኩ።» ልጃቸውን ሲያባብሉ እንደ ሴት ልጅ ነው የሚጠሩት፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ። «እንግዲህ እኔም አንድ ነገር ልበል። አውጪያት። በሞቴ።»

ማርጎ ሌላውን ባትሰማ የመጨረሻዋን ቃል ሰምታለች። ዓይኗን ጋሼ ላይ ተከለች፣ እኔ «እምቢ ያለ ሰው አላየሁም» ያልኳት እውነት መሆኑን ልታይ ነው።

ጋሼ እናቱን አየ። ስልኩን አወጣ፣ ሄሊኮፕተሯን አየ። እንደገና እናቱን አየ።

«እማዬ ደግሞ በዚህ ትመጪብኛለሽ?» አለ፣ ድምፁ ሊያለቅስ ያለ ሰው መስሎ። «እሺ። እሺ በቃ።»

ማርጎ አጨበጨበች! ከኋላ አቶ ሸዋንዳኝም «የፈረሴን ብድር መለሱልኝ!» ብለው አጨበጨቡ።

ጋሼ ኮምፒውተሩን እናቱ ቤት አምጥቶ እዚሁ ነው የሠራው። እኔ ጽሑፉን ያዝኩ። «አባቴ»ን «ልጄ» አልኩት፣ ያ ቀላል ነው። «አፈር ስሆን» ትንሽ አስቸገረኝ። «በሞቴ»ን ግን ስንቴ ጽፌ አጠፋሁት፤ «እባክህ» ብዬ አየሁት፣ ውሃ ውሃ ይላል። በመጨረሻ ራሱን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩት። እትዬ ጥሩሸዋ ሙሉውን ሲያወሩ የሚሰማ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሄሊኮፕተሯም ወጣች። ማለት፣ ጥላዋ ብቻ ቀርቷል፣ ሳሩ ላይ ሽው ስትል። «ጥላ ሄሊኮፕተር አይደለም» ብሎ ተሟገተኝ፣ ተውኩት።

ላክነው። ከዚያ መጠበቅ። ጋሼ በየሰዓቱ ስልኩን ያያል፣ አሁን ስልኩ ላይ ሚስቱ ናት፣ እሷም ተደንቃለች አሉ።

የማርጎ መልስ ትላንት መጣ። ወስዳዋለች! ትንሿ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ በቀትር፣ ሄሊኮፕተር ላላቸው ፊልሞች ትልቁ አዳራሽ ተይዟል። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፤ «እናትህን ይዘህ ና። ቤሞቴ።»

ጋሼ ለእናቱ አነበበላቸው። እትዬ ጥሩሸዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«በሞቴ ካለችማ ምን ይደረጋል?» አሉ። «ለጭኮው ገብስ ማስቆላት ነዋ። ግን አስቼ፣ እኔ እዚያ አገር ከማን ጋር አወራለሁ? ማን ያስተረጉምልኛል?»

እኔ እዚያው በር ላይ ቆሜያለሁ። ጋሼ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አንድ ሰው ስሜን እስኪጠራ ጠበቅኩ። ጠበቅኩ። ማንም አልጠራኝም።

«ጋሼ» አልኩት። «በሞቴ!»