የጋሼ ክንድ

የሰውን መኪና ሁሉ ሲያጠቁር ኖሮ የገዛ ወንድሙ መኪና አመድ እንደመሰለች ቀረች። ጉድ አይደል? መኪና በሚያጥብበት ላቫጆ ውስጥ «ዶክተር» ነው የሚሉት፤ ፀሐይ ያነጣችውን ፓራውልትና የበር ፕላስቲክ እንደ እሱ መልሶ የሚያጠቁር የለምና። ታላቅ ወንድሙ በመጣ ቁጥር «የኔስ ተራ መቼ ነው?» ይለዋል። «ነገ፣ ጋሼ፣ ነገ» ይላል ዶክተር። ነገ ነገ ሲል ጋሼ በድንገት አረፈ።

ከሦስት ወር በኋላ የጋሼ ሚስት መኪናዋን ራሷ እየነዳች አመጣቻት።

«ቅዳሜ ገዢ ይመጣል። አዲስ አስመስልልኝ» አለችና ቁልፉን ሰጠችው።

«እሺ፣ እትዬ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ጀመረ። መጀመሪያ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ፈተጋት። በአቧራ ላይ ቅባት የሚለቀልቁትን አይወድም፤ «ፊታቸውን ሳይታጠቡ የሚቀቡ!» ይላቸዋል። ካደረቃት በኋላ ማጥቆሪያውን በስፖንጅ ስስ አድርጎ ቀባ፣ ጠበቀ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወለወለ። የፊቱ ፓራውልት ጠቆረ፤ የኋላውም ጠቆረ። ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ አፈረ።

«ይኸው ጋሼ፣ ነገ ደረሰ» አለ ለብቻው።

ከዚያ ወደ ሾፌሩ በር ዞረ። በመስኮቱ ስር ያለችው የፕላስቲክ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ነጥታለች። መሀሏ ላይ ግን አንድ ስንዝር ተኩል የሚያህል ቦታ ጥቁር ነው፣ ያውም የሚያብረቀርቅ። «የትኛው እጀ ሰባራ ነው የነካካው?» ብሎ በግኖ ጎንበስ አለ። ቀረብ ብሎ ሲያየው ገባው። ጋሼ መስኮቱን ከፍቶ ክንዱን እዚያች ላይ ሳያሳርፍ ነድቶ አያውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት ያንን ቦታ ከፀሐይ የከለለው የጋሼ ክንድ ነው።

ስፖንጁን እንደያዘ ቀረ። አንዴ ቢያሳርፈው ጠርዟ እኩል ትጠቁራለች፤ የጋሼ ቦታም ላይመለስ ይጠፋል። ቢተወው ደግሞ ለእትዬ የገባው ቃል አለ። ስትመጣ ስፖንጁ እጁ ላይ ደርቆ ነበር።

«ይቺን ረሳሃት» አለችው።

«አልረሳኋትም፣ እትዬ። እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። እስቲ እያት።»

አየች። በሩን ከፍታ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ክንዷን ጥቁሩ ላይ አሳረፈች። ክንዷ ቦታውን አልሞላውም። ያኔ አለቀሰች፤ እሱም አላስቻለው።

ዕንባቸውን ሲጨርሱ ዶክተር ጠርዟን ቀስ ብሎ ነቀላትና በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣት። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ሌላ ፈልጎ፣ አጥቁሮ ገጠመ። ቅዳሜ ገዢው መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና ይዟት ሄደ።

እሑድ እትዬን ሊጠይቃት ቢሄድ ያቺ ጠርዝ ወጥ ቤቷ መስኮት ላይ በሁለት ብሎን ተገጥማለች። እትዬ ክንዷን ጥቁሩ ላይ አሳርፋ መንገዱን ታያለች።

«ግራና ቀኙን ላጥቁርልሽ እንዴ?» አላት፣ ሊያስቃት ፈልጎ።

«ንካትና እንተያያለን!» አለችው፣ ክንዷን ሳታነሳ።