ሁለቱም «ተገናኝቷል» ይላሉ

ሰገን በሥራ ቀን የጂኦግራፊ መምህርት ናት። እሁድ እሁድ ደግሞ ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ካለች ትንሽ ቸርች አምልኮውን በኢንተርኔት ታስተላልፋለች። ሥራውን የተረከበችው ከፊልሞን ነው፤ እሱ ወደ ሐዋሳ ሲዛወር ላፕቶፑን ከነቦርሳው ሰጥቷት «ቀላል ነው» ብሏት ሄደ።

የዚያን እሁድ ግን አዲስ የድምፅ ማቀናበሪያ፣ ሚክሰር፣ መጥቶ ነበር። እንደ አሮጌው በድምፅ ሽቦ ሳይሆን በኔትዎርክ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር የሚያያዝ ነው። ጠዋት ፊልሞን በስልክ እየነገራት ገመዱ የሚሰካበትን የኔትዎርክ ካርድ የአድራሻ ቁጥሮች ላፕቶፑ ላይ አስገባችና እሱም ወደ ራሱ ቸርች ሄደ። ገመዱን ስትሰካ የመዘምራኑ ድምፅ ጥርት ብሎ ገባ። ኢንተርኔቱ ግን ጠፋ። ነቀለችው፤ ኢንተርኔቱ ተመለሰ፣ ድምፁ ሄደ። መልሳ ሰካችው፤ ያው ነው።

ግራ ገባት። ላፕቶፑ ላይ ሁለት የኔትዎርክ ካርዶች ይታያሉ፤ አንዱ ኢንተርኔቱ የሚመጣበት የዋይፋዩ፣ ሌላው የገመዱ። በሁለቱም ስር «ተገናኝቷል» ይላል። ሁለቱም ከተገናኙ ታዲያ ምን ጎደለ? ዋይፋዩን አጥፍታ አበራች። ላፕቶፑን ዘግታ ከፈተች። የመዘምራኑ መሪ ቃለአብ ችግሩ የገመዱ ይሆናል ብሎ ሌላ አመጣላት፤ በአዲሱም ለውጥ የለም። ፊልሞን ስልክ አያነሳም።

ስብከቱ ሲጀመር እትዬ አባይነሽ ደወሉ። ዳሌያቸው ተሰብሮ አፍንጮ በር ባለው ቤታቸው ከተኙ ሁለት ወር ሆኗቸዋል፤ አምልኮውን የሚከታተሉት በዚህ ስርጭት ነው። ሰገን ወደ ደረጃው ወጥታ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ከዚያም የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ይገባቸዋል ብላ ሳይሆን ለአንድ ሰው መናገር ስለፈለገች ነው።

እትዬ አባይነሽ ግን ሠላሳ ዓመት በአንድ ሆቴል የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ሠርተዋል። ካዳመጧት በኋላ ጠየቁ።

«የገመዱ መጨረሻ የት ነው?»

«ሚክሰሩ ጋ።»

«ከሚክሰሩ ወደ ውጭ የሚወጣ መስመር አለ?»

«የለም፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ማሽንሽ ወደ ውጭ የሚሄደውን ሁሉ በዚያ በኩል እየላከው ይሆናል። በዚያ በኩል መውጫ አለ ያለው ማነው?»

ሰገን ወደ ላፕቶፑ ተመልሳ ጠዋት የሞላቻቸውን ቁጥሮች ከፈተች። ፊልሞን የነገራት ሁለት ቁጥር ብቻ ነበር። ሦስተኛዋ፣ «ጌትዌይ» የምትለው ቦታ፣ ባዶ ሆና ስላላማረቻት የሚክሰሩን ቁጥር ራሷ ጽፋባት ነበር። መውጫ በር ማለት መሆኑ አሁን ገና ታሰባት። አጠፋችው። ድምፁ እንዳለ ሆኖ ኢንተርኔቱም መጣ።

ስብከቱ አልቆ ማስታወቂያ እየተነገረ ነበር። እትዬ አባይነሽ የሰሙት የሴቶች ኅብረት ስብሰባ ወደ ሐሙስ መዛወሩንና አንዲት ነጭ መኪና መንገድ ዘግታ መቆሟን ብቻ ነው።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ሰገን በድጋሚ ይቅርታ ልትጠይቅ ደወለችላቸው። እሳቸው ቅር አላላቸውም። ግን በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ሁለት ካርድ ለምን እንደሚኖር አልገባቸውምና እንድታስረዳቸው ጠየቋት። ሰገን ጀመረች፤ መሃል ላይ ግን ነገሩ ለራሷም ተምታታባት።

«ግድ የለም» አሏት፤ «ማክሰኞ ማሽንሽን ይዘሽ ነይና አብረን እናየዋለን።»