ማዶ ያለው በረት

ላሚቱ ሻሩሊያ አስፋልቱ መሃል ደርሳ ቆመች። ሌሎቹ ሦስት ላሞች ራንኮን ተከትለው ተሻግረዋል፤ እሷ ግን አንገቷን አዙራ የሴኒያን በረት ታያለች። ሴኒያ ከኋላ ሆና ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት።

«ሂጂ እንግዲህ፤ እኔንም አታስለቅሺኝ።»

አስፋልቱ ድንበር ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወዲህኛውን ወገን አንድ መንግሥት፣ ወዲያኛውን ሌላ መንግሥት ያስተዳድረዋል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ቦስኒያ ይባላሉ። ባሏ የሞተባት ሴኒያና ጎረቤቷ ራንኮ ግን ለዓመታት ወተታቸውን አንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገለብጡ ኖረዋል። መኪና እየመጣ የሳቫን ወንዝ አሻግሮ ለክሮኤሺያ ያደርስላቸው ነበር። ክሮኤሺያ የአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ስትገባ፣ ለወተታችሁ ኃላፊነት የሚወስድ አንድ የአገር መሥሪያ ቤት ይኑራችሁ ተባለ። ሁለቱ መንግሥታት ሥልጣኑ የኔ ነው፣ የኔ ነው ሲባባሉ መኪናው ቀረ። የሴኒያ ወተት ለራንኮ አሳማዎች ተገለበጠ።

በኋላ የራንኮ መንግሥት ለራሱ ሰዎች አዘነና በድጎማ ወተት የሚቀበል ፋብሪካ አገኘላቸው፤ ላሚቱ የምታድረው በዚያ ወገን ከሆነ ብቻ። የሴኒያ ሹማምንት እያጠናነው ነው አሉ። ላም ግን ጥናት አትበላም። መኖው አለቀ፤ ሥጋ ነጋዴው ደጇን ይመላለስበት ጀመር። ከቢላዋ ይሻላል ብላ ላሞቿንም ማቀዝቀዣዋንም ለራንኮ ሸጠችለት።

ላሞቹ የተሻገሩ ዕለት አመሻሹ ላይ እጇ ለምዶባት ባልዲ አንሥታ ባዶው በረት ገባች። ጭዱ ላሞቹ የተኙበትን ቅርጽ እንደያዘ ነው። ከማዶ ሻሩሊያ ስትጮህ ሰማች።

ራንኮ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ።

«ሻሩሊያ አልታለብም ብላለች። ጡቷ ሊፈነዳ ነው። ሚስቴንም ረገጠቻት።»

«ታዲያ ምን ላድርግልህ? ላሟ ያንተ ናት።»

«ተይ እንጂ ሴኒያ። ነይ።»

ባልዲዋን አስቀምጣ ባዶ እጇን ተሻገረች። የሰው በረት ውስጥ ተቀምጣ ግንባሯን የላሚቱ ጎን ላይ አስደገፈች፤ የዘወትር እንጉርጉሮዋን ጀመረችላት። ሻሩሊያ ተነፈሰች። ወተቱ በራንኮ ባልዲ ውስጥ መፍሰስ ጀመረ፤ ሴኒያም እንባዋን አልከለከለችውም።

ባልዲው ሲሞላ ራንኮ አንሥቶ ማቀዝቀዣው ውስጥ ገለበጠው። ተመልሶ መጣና መሬት መሬት እያየ፣ «ጠዋትም ትመጫለሽ?» አላት።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ በሩ አመራች። ከኋላዋ ሻሩሊያ አብራት ልትወጣ ገመዷን ሳበች።